የሌሊት መሪ

በመጀመሪያው ዓመት መሪ ብቻ ነበር፤
እጅህ በጨለማ አየር ሲያሽከረክር
ነቅቼ እያየሁህ፣ አፌን ይዤ ሳቅሁኝ፤
«ሐረጎን ወጣኸው?» ብዬህ ተመልሼ ተኛሁኝ።
አንተም ዓይንህ ሳይገለጥ፣ በዚያው በእንቅልፍህ፣
«ተሳቢ ይዘናል፣ ቀስ» አልኸው ለረዳትህ።

ያኔ እጅህ አይርድም፤ ሻይ እስካፉ ሞልቶ
ለእንግዳ ሲያቀብል፣ ጠብታ የለም ከቶ።
ማን ያውቃል፣ በሽታ እንደ ኮንትሮባንድ ጭነት
መብራቱን አጥፍቶ፣ ኬላ ሰብሮ በሌሊት፣
እጅህ ከመራዱ ስምንት ዓመት ቀድሞ እንደሚገባ ቤት?

ከዚያ ፍሬኑ መጣ።
በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣
«ግመል! ግመል!» ብለህ ባለ በሌለ ኃይልህ ስትረግጠው
ፍሬኑ ጎኔ ነበር።

የበለዘውን ክንዴን በሻሼ ጫፍ ሸፍኜ
ገበያ ወረድሁ። አየችኝ ጎረቤቴ ትሁኔ።
ምንም አላለችም።
በሳልስቱ ግን መጡ፣ ሼህ አሊጋዝና ጋሽ ምናሴ፤
«ይመር፣ በስተርጅና ዱላ?» ሲሉህ፣ እኔ ተሸማቀቀች ነፍሴ።
አንተ መሬት መሬት አየህ። ምን ብለህ ታስረዳ?
«ግመል ገብቶብኝ ነው፣ ከሚሌ ወዲያ፣ ሜዳ»?
ነቅቶ ያልሰነዘረ፣ ተኝቶ ለመታው
«ሁለተኛ አይለምደኝም» ብሎ በምን ይማል ጌታው?

ፍራሽ ለየን። ልጆቹ ተጣሉ አሉ።
እኔ ከመሬት ተኝቼ፣ ከላይ ስትነዳ እሰማለሁ፤
ባቲን ስታልፍ፣ ስትሳደብ፣ ጎማ ሲፈነዳብህ፣
አሰብ ሳትደርስ ሲነጋብህ።

እጅህ የራደ ለት ደሴ ወጣን።
ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። እጅህን ገና ሳታየው
ወደ እኔ ዞራ፣ «ሌሊቱስ? እንቅልፉስ እንዴት ነው?»
ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን።
አለቀስሁ። አንተ ደነገጥህ፤ የሞትህ መስሎህ።
ስሙን ስትነግርህ፣ «ፐርኪንስ?» አልሃት ፈገግ ብለህ፣
«ሞተሩን ፈትቼ ገጥሜዋለሁ እኮ!»
«ፓርኪንሰን» አለችህ።
ይኼኛውን የሚፈታ ጋራዥ እንደሌለ
ከፊቷ አነበብህ።

አሁን ግመሉም የለም።
ቀን ቀን ትተኛለህ፣ ማንኪያው ከእጅህ ሳይወርድ፣
እንግዳ እያወራህ፣ ጸሐይ ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ የትም ስትነጉድ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲል ዓይንህ እንደ ፓውዛ ይበራል።
የማታው ክኒን ነዳጅ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፤
ከዚያ ወዲያ አካልህ ዳገት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሲኖትራኩ ከሩቅ ሐረጎን ሲወጣ፣ ሲያቃስት፣
ማርሹን ትቆጥርለታለህ፦ «ሦስተኛ… አሁን ወደ ሁለት…
ዘገየ! ይኼ ልጅ ፍሪሲዮን ሊያቃጥል ነው።»
ረዳትህ ጦይብ፣ ባቲ ከቀበርነው ሃያ ዓመት የሆነው፣
ከግርጌህ ቁጭ ብሏል። «ሻይ ስጪው» ትላለህ፣ «ከመንገድ የመጣ ነው።»
ሰጠሁት። ምን አደርጋለሁ?
ብርጭቆው እስካፉ ሞልቶ፣ ጠብታ ሳይወርድ ያድራል።

ለትሁኔም አልነገርኳትም፤ ያ እርግጫ ይናፍቀኛል።
ቢያንስ ያኔ
የሆነ ቦታ እየሄድን ነበር።

ሐረጎን በአንድ እጁ ሲያዞር ለኖረው ሰው
ከቀኝ ወደ ግራ ጎን፣ አንድ ክንድ መንገድ ራቀው።
አንሶላውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣
ጉልበቴን ከፍራሹ ጠርዝ ረግጬ፣
«በል፣ ኩርባ ነው» እልሃለሁ።
ድምፅህ ከጉሮሮህ ሥር፣ እንደ ሹክሹክታ፦
«ገደሉ በየት ነው?»
«በእኔ በኩል ነው። አብሽር።»
ሳብ።
ትራሱን ከጀርባህ ሥር እንደ ታኮ እወሽቃለሁ፣
እንዳትንሸራተትብኝ።

አሁን አስር ሰዓት ነው። አዛን ሳይል
ሌላ አንድ ኩርባ አለ።